የልብስ ሰፊው የመልስ ጨዋታ

ያ ክረምት ከባድ ነበር። ዝናቡ ገና ሲጀምር የልብስ ሰፊው ሚስት ታመመች፤ ዝናቡ ሳይበረታም ሞተች። ለቀስተኛው መጣ፣ ተቀመጠ፣ ተበተነ። ከዚያ በኋላ በሩን ያንኳኳ አልነበረም። የሱቁ ጣሪያ አፈሰሰና ጥግ ላይ የነበረውን የሱፍ ጨርቅ አበላሸው። ሥራ ቀዘቀዘ። ሰውየው ከአልጋው ተነስቶ ስፌት መኪናው ፊት ይቀመጣል፤ ከመኪናው ተነስቶ አልጋው ላይ ይወድቃል። እንቅልፍ ግን የለም። ምግቡ አፉ ውስጥ እንጨት እንጨት ይለዋል። የግራ ትከሻው ወረደ፤ መርፌ ላይ ክር ሲሰካ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ሌላ ከተማ የምትኖረው አንድያ ልጁ በስልክ ቁርጡን ነገረችው።

«አባዬ፣ ድምፅህ ደኅና አይደለም። ክረምቱ ሲወጣ እመጣለሁ። ሱቁን ዘግተን፣ የስፌት መኪናዋን ሸጠን እኔ ጋ ትኖራለህ።»

«እሺ ልጄ» አላት። አፉ እሺ ይበል እንጂ ሆዱ እምቢ ብሏል። በዚያች መኪና እሱ ሲሰፋ ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ቁልፍ ስትተክል ነው የኖረችው። ሱቁ ቢዘጋ እሷ ሁለተኛ የምትሞት መሰለው። ግን ራሱን ችሎ መኖር እንደሚችል ለልጁ በምን ያሳያት? እሱ ራሱም አላመነም።

አንድ ቀን ክር ሊገዛ ወጣ። ወደ ክር ሻጩ የሚወስደው መንገድ ጥቂት ዳገት አለው፤ ድሮ እያፏጨ የሚወጣው ዳገት ነው። አጋማሹ ላይ ትንፋሽ አጠረውና አንድ መድኃኒት ቤት ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። በዚያው ቅጽበት የእህቱ ልጅ፣ የስፖርት አስተማሪዋ፣ ፊሽካዋን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ስታልፍ አየችው።

«አጎቴ! ምነው እዚህ ተቀመጡ?»

«ዝናቡ እስኪያባራ ነው።»

ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ጠብታ የለም።

«እውነትዎን ነው፣ ከባድ ዝናብ ነው» አለች ሳቋን ውጣ። «እኔም አብሬዎት ልጠለል።» አጠገቡ ተቀመጠች፤ ትንፋሹ እስኪመለስም ጠበቀች። ከዚያ ክንዱን ይዛ ሱቁ ድረስ ሸኘችው።

ይህች ልጅ ስፖርት ልታጠና ኮሌጅ ስትገባ «ኳስ ለማባረር ደግሞ ዲግሪ ያስፈልጋል?» ብሎ ዘመድ ሁሉ ፊት ያሳቀባት እሱ ነበር። ነገሩን አልረሳችውም፤ ቂም ግን አልያዘችም። የደንበኛ መቀመጫው ላይ ተቀምጣ ሱቁን አየች። አቧራ የለበሰ መቁረጫ ጠረጴዛ፣ ሳይጠናቀቅ የተሰቀለ ሱሪ፣ የቀዘቀዘ ሻይ።

«አጎቴ፣ አንድ ነገር ብናገር ይቆጡኛል?»

«ብቆጣስ የምትተይው ይመስል።»

«ስፖርት ይሥሩ።»

ልብስ ሰፊው ሳቀ። በዚያ ክረምት የመጀመሪያው ሳቁ ነበር፤ ግን ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

«እኔ? በዚህ ዕድሜ? ቁምጣ ለብሼ?»

«ቁምጣው ይቅርብዎት፤ በሱሪዎ ይምጡ። ደግሞ ልብስ ሰፊ ሆነው ቁምጣ ቸገረዎት?»

«ስሚ ልጄ፣ እግሬ ከጠዋት እስከ ማታ የመኪናዋ መርገጫ ላይ ነው። ከዚህ የበለጠ ስፖርት የት አለ?»

«መርገጫው የሚያሠራው ቁርጭምጭሚትዎን ነው። ወገብዎ ቁጭ እንዳለ ነው፤ ትከሻዎ ጎብጧል፤ ደረትዎ ታጥፏል። ልብዎ ፈጠን ብሎ የመታው መቼ ነው? ቅድም ደረጃው ላይ ካልሆነ በቀር።»

ልብስ ሰፊው ሊያልቅ የደረሰ የክር ጥቅልል ከጠረጴዛው አነሳ። የሚያምንበትንም አወጣ።

«ጉልበት እንደ ክር ነው። በሳብሽው ቁጥር ከጥቅልሉ ይቀንሳል። የቀረችኝ ትንሽ ናት፤ ለሥራዬ ልቆጥባት።»

«በሐዘኑ ሰሞን ይቺን መኪና ሳይነኩ ሰነበቱ አይደል?»

«ሰነበትኩ።»

«ታዲያ ሲመለሱ ጉልበቷን ቆጥባ ጠበቀችዎት?»

«ደርቃ ነዋ! መንኮራኩሯ አልዞር ብሎ…» አለና ወጥመድ ውስጥ መግባቱ ገባው። «እሷንማ ዘይት ቀባኋት። እኔን ማን ይቀባኛል?»

«ላብዎ።»

ብዙ አዋቂ ሰው እንደ ልብስ ሰፊው ያስባል። ስፖርት የልጅ ጨዋታ፣ ሥራ ደግሞ የአዋቂ ስፖርት ይመስለዋል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የእጅ ሥራ አንዱን አካል ደጋግሞ ይፈጀዋል፤ የቀረውን ያስተኛዋል። ስፖርት የተኛውን ይቀሰቅሳል። ልብስ ሰፊው ይህን ለመስማት ጆሮ አልነበረውም፤ ሌላ ነገር ይዞታል።

«ሰውስ ምን ይላል? ሚስቱን ቀብሮ ሲዘል አየነው ቢለኝስ?»

«ይሄን ሁሉ ቀን ብቻዎን ሲቀመጡ ሰው ምን አለ? አንድ ሰው መጥቶ ጠየቀዎት?» አለች። ፊቷ ቀላ። «እኔም አልመጣሁም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አጎቴ።»

ሽማግሌው እጁን አወናጨፈ፤ ይቅር ማለቱ ነው። ስትወጣ በሩ ላይ ቆመች።

«ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ትልልቅ ሰዎች ፒንግፖንግ ይጫወታሉ። አናጢውም ይመጣል።»

«እሱ ሰውዬ ይሄን ነገር ዛሬም አልተወም?»

«ሁልጊዜ ዕዳ አለበት የሚለውን ሰው ይጠብቃል።»

ልብስ ሰፊው ዕዳውን ያውቀዋል። በወጣትነታቸው እሱና አናጢው አንድ ሰፈር ውስጥ ሥራ ተማሩ። አናጢው ከተረፈ ጣውላ የፒንግፖንግ ጠረጴዛ ሠራ፤ ማታ ማታ ይጫወቱበት ነበር። በመጨረሻ በተጫወቱበት ቀን ልብስ ሰፊው አሸነፈ። አናጢው የመልስ ጨዋታ ጠየቀ። «ነገ» አለው። በማግሥቱ የሚያስቸኩል ሥራ መጣ፤ ከዚያ ሠርግ፣ ከዚያ ልጅ፣ ከዚያ ኑሮ። መንገድ ላይ በተገናኙ ቁጥር አናጢው «ሰውዬ፣ ጨዋታዬን መቼ ነው የምትመልሰው?» ይላል፤ ልብስ ሰፊው «ይቺን ሱሪ ልጨርስና» ይላል። ሱሪዋ ሳታልቅ ሁለቱም ሸበቱ። በቀብሩ ቀን ግን አናጢው አቅፎት አለቀሰ እንጂ ስለ ጨዋታው ትንፍሽ አላለም። ለልብስ ሰፊው ከሁሉ የከበደው ይህ ነበር። ዕዳውን የተወለት መሰለው፤ ዕዳ የሚተወው ደግሞ ላበቃለት ሰው ነው።

ብዙም ሳይቆይ አናጢው ኮት በክንዱ ይዞ ሱቁ ገባ።

«የእህቴ ልጅ ናት የላከችህ?» አለው ልብስ ሰፊው ከመቀመጫው ሳይነሳ።

«ኮቱ ነው የላከኝ። የሰፋኸው አንተ፣ ያበላሸኸውም አንተ። ና እየው።»

አናጢው ኮቱን ለበሰው። እውነትም ኮቱ አላማረም። ከአንገቱ በታች ጨርቁ ተሰብስቦ ትርፍ እጥፋት ሠርቷል፤ ከኋላ ጫፉ ወደ ታች ወርዷል። ልብስ ሰፊው ደነገጠ። የእጁ ሥራ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ሜትሩን አንስቶ ጀርባውን ለካ፤ ደግሞ ለካ። ከዚያ ትዝ አለው። ይህን ኮት ሲቆርጥ አናጢው መላጊያ ላይ በማጎንበስ ብዛት ጎብጦ ነበር። ለጎባጣ ሰው የኮቱ ጀርባ ረዘም ተደርጎ ይቆረጣል፤ አለዚያ ከኋላ ወደ ላይ ይሰቀላል። እሱም አስረዝሞ ቆርጦለታል።

ወደኋላ ፈቀቅ አለና ኮቱን ትቶ ሰውየውን አየው።

«ቀና ብለሃል።»

«አታሹፍ። ኮቱን አስተካክል።»

«ኮቱ ምንም አልሆነም። የተስተካከልከው አንተ ነህ።»

ልብስ ሰፊው ወደ መስተዋቱ ዞረ። እዚያ ውስጥ አንድ ትከሻው የወረደ ሽማግሌ ቆሟል። በራሱ ኮት የግራ ትከሻ ውስጥ ስፖንጅ ከትቶ ነበር፤ በዚህ ክረምት ደግሞ ሌላ ደርቦበታል። የሰውን ጉድለት በጨርቅ መሸፈን ሥራው ነው። የራሱንም ሸፍኖ ሊኖር ነበር። የእህቱን ልጅ ንግግር ሊከራከረው ይችላል፤ ከሜትር ጋር ግን ዕድሜ ልኩን ተከራክሮ አያውቅም።

«ምን አድርገህ ነው?» አለ፣ ሐኪም እንደሚጠየቅ ዝቅ ባለ ድምፅ።

አናጢው ተቀመጠ።

«ወገቤን አሞኝ አላስተኛ ሲለኝ የእህትህ ልጅ ወሰደችኝ። መጀመሪያ ትከሻ ማፍታታት፣ ቀስ ብሎ መራመድ፤ ከዚያ ጨዋታ። እንዴት እንዳፈርኩ ልንገርህ? አንዲት ጡረታ የወጣች አዋላጅ አንድ ነጥብ ሳታስቀምስ አሸነፈችኝ! እየሳቀች እኮ ነው!»

«አንተን?»

«እኔን። በማግሥቱ ግን በእልህ ተመልሼ ሄድኩ። አሁን ወገቤን ረስቼዋለሁ። ደግሞ ከሚስቴ ጋር ተኳርፌ እወጣና ስመለስ ያኮረፍኩበት ነገር ይጠፋኛል።»

ልብስ ሰፊው መርፌውን ኮቱ ላይ ሰካ፤ ነቀለ።

«አይ፣ ለእኔ አይሆንም።»

«ሰውዬ» አለ አናጢው በሩ ላይ፣ ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ «ጨዋታዬንስ?»

 ዕዳው አልተተወለትም ነበር።

«ይቺን ኮት ልጨርስና።» አብረው ሳቁ።

ኮቱ ሲያልቅ ልብስ ሰፊው እሺ አለ። የእህቱ ልጅ አዳራሹ ውስጥ ከማስገባቷ በፊት ሐኪም ቤት ወሰደችው። ደም ግፊቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙ በእግር ጉዞ እንዲጀምር፣ ደረቱን ካመመው እንዲያቆም ነገረው። እሱም ያን ዳገት ይዞ መለማመድ ጀመረ። መጀመሪያ መድኃኒት ቤቱ ደረጃ ላይ ይቀመጣል፤ ቀጥሎ ደረጃውን ይዞ ይቆማል፤ ኋላ ደረጃውን ሳያየው አለፈ። ከዚያ ወዲያ ነው ራኬት የያዘው። የመጀመሪያዋን ኳስ ሳታት። ሁለተኛዋ አዋላጇ ትከሻ ላይ አረፈች።

«ልኬ ከፈለጉ ሜትር ይዘው ይምጡ እንጂ!» ብላ አዳራሹን በሳቅ ሞላችው።

ነገሩ ቀና ብሎ ሲሄድ ግን ልብስ ሰፊው ከአዳራሹ ድንገት ቀረ። የእህቱ ልጅ ብትመጣ ፊቱን አጥቁሮ አገኘችው።

«ምነው አጎቴ?»

«ባለፈው ስጫወት ረሳኋት። አንድም ጊዜ ትዝ ሳትለኝ ጨዋታው አለቀ። ቤት ስገባ አልጋዋን አይቼ አፈርኩ። እንዲህ የምታስረሳ ነገር አልፈልግም።»

ልጅቱ የተማረችው ሁሉ ለዚህ አልጠቀማትም። አጠገቡ ቁጭ ብላ ጠየቀችው፦

«ያን ዕለት ማታስ እንቅልፍ ወሰደዎት?»

«ወሰደኝ።»

«አዩዋት?»

ሽማግሌው ቀና አለ። «ቁልፍ ስትተክል አየኋት። ደኅና ሆና። ከሞተች ወዲህ በሕልሜ የማያት ታማ ነበር።»

«አልረሷትም አጎቴ። የደከመ አእምሮዎ ትንሽ አረፈ። ሲያርፍ ደግሞ ደኅናዋን ሚስትዎን መለሰልዎት።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። አዋላጇ፣ አንድ የአውቶቡስ ሹፌርና አናጢው ቆመዋል። «ቀረህብን፣ ታመምክ ወይ?» አሉ። ለቀስተኛው ከተበተነ ወዲህ ከእህቱ ልጅና ከአናጢው በቀር ለእሱ ብሎ በሩን ያንኳኳ አልነበረም። ኮቱን አነሳና ተከተላቸው።

ክረምቱ ወጣ። ልጁ ሻንጣዋን ይዛ ስትመጣ ሱቁ ተዘግቷል። ሮጣ ቀጣዩን በር አንኳኳች። ጎረቤት «አዳራሽ ነው» ሲላት አላመነችም። ስትገባ አባቷ ሸሚዙን ሰብስቦ ጠረጴዛው ጋ ቆሟል፤ ግንባሩ በላብ ርሷል።

«አባዬ!»

«መጣሽ ልጄ? ትንሽ ጠብቂኝ፣ ዕዳ እየከፈልኩ ነው።»

ለዕረፍት ሲቆሙ አጠገቧ ተቀመጠ። እጁን ያዘችው፤ አልተንቀጠቀጠም።

«ባታምኚኝ አልፈርድብሽም፤ እኔም አላመንኩም ነበር» አላት። «ሰውነቴ ሲፍታታ እንቅልፌ መጣ። እንቅልፌ ሲመጣ ምግብ ጣመኝ፣ እጄ ረጋ፣ ሥራዬ ተመለሰ። ሐሳብ ሲከብደኝ እዚህ አምጥቼ ላቤን አፈስሳለሁ፤ ሐሳቡ ባይጠፋም ይቀለኛል። አንድ ቀን ከቀረሁ ደግሞ የሚፈልገኝ ሰው አለ። እናትሽን አልመለሰልኝም። እኔን ግን መለሰኝ። ይሄን ቀደም ብዬ ባውቅ እሷንም ይዣት እመጣ ነበር። አንቺ ግን ገና ልጅ ነሽ፤ እኔን አትጠብቂ፣ ዛሬ ጀምሪ።»

ልጅቱ ኮቱን ከወንበሩ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች። የግራ ትከሻውን ዳሰሰች። ስፖንጁ የለም።

«መኪናዋን የሚገዛ ሰው አግኝቼ ነበር» አለች።

«እና?»

«ደውዬ እንደማትሸጥ እነግረዋለሁ።»

«ሰውዬ!» ብሎ ጮኸ አናጢው ከወዲያ ማዶ። «ስንት ዘመን ያስጠበቅከኝ አንሶ አሁንም ትቆማለህ?»

ልብስ ሰፊው ተነሳ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተፋጠጡ። ኳሷ መረቡን አልፋ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች።  በመጨረሻ አናጢው የመታት ኳስ የጠረጴዛውን ጠርዝ ነክታ ወረደች፤ ልብስ ሰፊው ተወርውሮም አልደረሰባትም። ተሸነፈ። ራኬቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በሁለት እጁ ተደገፈና ተነፈሰ። አናጢው ዞሮ መጣ፤ እጁን ዘረጋለት፤ ዓይኖቹ እንባ ሞልተዋል።

«ተቀብያለሁ» አለው።