ገልጠሽ እያት

ጅጅጋ ላይ ንፋስ ሲነሳ ከሁሉ ቀድሞ የሚበሳጨው ጨርቅ ነጋዴ ነው። በዚያ ማክሰኞ ረፋድም እትዬ ረቢዓ ደጃፋቸው ላይ የሰቀሏቸውን ነጠላዎችና ሻሾች እያራገፉ፣ ንፋሱን እየረገሙ ወደ ውስጥ በመሰብሰብ ላይ ሳሉ፣ አንዲት ወጣት ሴት ከባጃጅ ወርዳ አቧራውን ሽሽት ሱቃቸው ውስጥ ዘው አለች። ከራሷ እስከ ጉልበቷ የወረደው ጅልባቧ ከሆዷ በላይ አብጧል። እትዬ ረቢዓ ነፍሰ ጡር መስላቸው ወንበር ሳቡላት።

«አመሰግናለሁ፣ ኤዶ። ከተቀመጥኩ ግን ይነቃብኛል» አለች ወጣቷ፤ ሶማሌ ታላቅ ሴትን እንደ አክስት አክብሮ በሚጠራበት ቃል እየጠራቻቸው። ጅልባቧን ገለጥ ስታደርግ፣ በሰፊ የሽመና ጨርቅ ደረቷ ላይ የታሰረ የአምስት ወር ወንድ ልጅ ጉንጩን እናቱ ላይ ለጥፎ ተኝቷል።

እትዬ ረቢዓ የሳቡትን ወንበር መልሰው ገፉት።

ወጣቷ ሂባቅ ትባላለች። ጅጅጋ ተወልዳ፣ እዚያው ተምራ፣ አዋላጅ ነርስ ሆናለች። «ይኼኛው ሲታጠብ የምቀይረው ሌላ ፈልጌ ነው» አለች፣ ልጇን ያሰረችበትን ጨርቅ እየነካች። «በእጅ የተሸመነ፣ አምስት ሜትር የሚሆን። ያ ከላይ ያለው ነጩ ደህና ይመስለኛል።»

«ለምንሽ ነው?»

«ለማዘያ ነዋ።»

«ለማዘያ ጨርቅ አልሸጥም።»

ሂባቅ የቀለዱ መሰላት። አልቀለዱም። እትዬ ረቢዓ ከወሎ መጥተው በዚህ አገር ሠላሳ ምናምን ዓመት ሲነግዱ፣ ለሙሽራ ሸጠዋል፣ ለመጋረጃ ሸጠዋል፣ ለከፈንም አቡጀዴ ለክተው ቀደዋል። ልጅ ላዝልበት ብላ የመጣችን እናት ግን ባዶ እጇን ይመልሳሉ። ይህን ጠባያቸውን ገበያው ሁሉ ያውቃል፤ ምክንያቱን ግን የሚያውቅ አልነበረም። እልከኛ ሰው ምክንያት ሲጠየቅ የሚቆጣው ምክንያት ስለሌለው ነው ብለን እናስባለን። በእትዬ ረቢዓ ላይ ግን እንዲህ ያሰበ ሁሉ ተሳስቷል።

ከሱቁ ጥግ ቀጭን የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። የልጃቸው የዐብዲዐዚዝ ሚስት ሙና፣ ከጅቡቲ የመጣውን ባለ አራት ጎማ የሕፃን ጋሪ ወደፊት ወደኋላ እያለች ታባብላለች። ጋሪው ውስጥ ያለው ዐብዲሰላም ከቀኑ ቀድሞ የተወለደ ልጅ ነው። ሁለት ወር ሞልቶት እንኳ ፊቱ እንደ ሽማግሌ ተጨማዷል፤ ያለቅሳል፣ ጡት ሁለት ሦስት ጊዜ ስቦ ይደክመዋል፣ ደግሞ ያለቅሳል። ሐኪሞቹ ለሙና «ገላው ገላሽን እየነካ ደረትሽ ላይ ይዋል፤ እንዳይወድቅብሽም በጨርቅ እሰሪው» ብለዋት ነበር። ይህን ለአማቷ ስትነግራቸው «በኔ ቤት ልጅ በጨርቅ አይታሰርም» ብለው ነገሩን ዘጉት። ሙናም ክንዷ እስኪዝል ታቅፈዋለች፣ ሲዝል ጋሪው ውስጥ ታስተኛዋለች፣ ልጁም ሳያድግ ሳምንታት ያልፋሉ።

ሂባቅ ጠጋ ብላ ልጁን አየችው። አንድ ጊዜ ማየት በቃት።

«ኤዶ፣ ለኔ አይሽጡልኝ» አለች። «ለዚህ ልጅ ግን ይቁረጡለት።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም። ዛሬ ዝም ብዬ ብወጣ ግን ይህ ልጅ ከዓይኔ አይጠፋም።»

እትዬ ረቢዓ እንግዳ ሰው ማባረር አይወዱም፤ ቁጣቸውን በለሰለሰ ድምፅ ሸፈኑት። «ስሚኝ ልጄ። ተምረሻል፣ አላህ ይጨምርልሽ። እኛ ግን አዝለን አዝለን ወገባችን የተቆረጠ ሰዎች ነን። ልጄ ይህን ጋሪ ያስመጣው ሚስቱ እንደኛ ጎብጣ እንዳትቀር ነው። ሠልጥኑ፣ ሠልጥኑ ስትሉን ከርማችሁ፣ አሁን ደግሞ ወደ ማዘያ ተመለሱ ልትሉን ነው?»

«ጋሪ መጥፎ ነው አልልም። መንገዱ ደህና በሆነበት ይሂድ። የርስዎ ሰፈር መንገድ ያስኬደዋል?»

ሙና ሳቋን ዋጠች። ጋሪው ከቤት እስከ ሱቅ የሚመጣው በባጃጅ ተጭኖ ነበር።

«ወገብዎንም የጎዳው አስተሳሰሩ ይመስለኛል» ስትል ሂባቅ ቀጠለች። «ልጅ ታች ወገብ ላይ ከተንጠለጠለ ሸክም ነው። ከፍ ብሎ ገላ ላይ ከተጠጋ፣ ጨርቁም በሁለቱ ትከሻ ላይ ሰፍቶ ከተዘረጋ፣ ክብደቱ ይከፋፈላል። እኔ ዛሬ ገበያውን በሙሉ የዞርኩት ይህን ወፍራም ተሸክሜ ነው። እጆቼን ይዩዋቸው፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው።»

«እግሩስ? ይወላገድ የለ?»

«ዳሌውን የሚጎዳውስ እግሩን አንድ ላይ ዘርግተን እንደ ዱላ ስንጠቀልለው ነው። ይኸው ይዩት፤ ጨርቁ ከአንዱ ጉልበቱ እስከ ሌላው ደርሶ ይዞታል። ጉልበቱ ከመቀመጫው ከፍ ብሏል፣ እግሩ እንደ እንቁራሪት ተከፍቷል። ለዳሌው የሚመቸው እንዲህ ነው።»

«በዚህ ሙቀት ይቀቀላላ!»

«ለዚህ እኮ ነው የሽመና ጥጥ ፍለጋ የመጣሁት፤ አየር ያስገባል። የእናቱ ገላ ያሞቀዋል። በላዩ ብርድ ልብስ ምናምን አያስፈልገውም።»

«ብርድ ልብስ» የሚለውን ሲሰሙ፣ ጨርቅ በማጠፍ ላይ የነበረው የእትዬ ረቢዓ እጅ ቀጥ አለ።

«በቃሽ» አሉ። «ማዘያ ልጅ ይገድላል።»

«ኤዶ፣ ይህን ማን ነገረዎት?»

«ማንም አልነገረኝም። ኢልሃን ነበር ስሟ። ጀርባዬ ላይ ነው የሞተችብኝ።»

ሙና ጋሪውን መግፋት አቆመች። አራት ዓመት በዚህ ቤት ስትኖር፣ ባሏ በሕፃንነቷ የሞተች እህት እንደነበረችው ሰምታለች። ታማ ሞተች ነበር የተባለችው።

እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ሰው ሁሉ የሚለውን ሂባቅም ልትል ነበር። «የአላህ ውሳኔ፣ ቀደር ነው» ብላ፣ ዱዓ አድርጋ፣ ጨርቋን ትታ ብትወጣ ማንም ባለጌ አይላትም። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቻችን እንዲያ ብለን እንወጣ ነበር፤ ጨዋነታችን ለሰው ሐዘን እንጂ በሕይወት ላለው ልጅ ብዙም አይጠቅምም። ዐብዲሰላም ግን አሁንም በዚያ ቀጭን ድምፁ ያለቅስ ነበርና ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እንዴት ነበር የታዘለችው?» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ከሥሯ ምን ነበር? ከላይዋስ?»

እትዬ ረቢዓ ሊጮኹባት ዞሩ፤ ዓይናቸው ግን ደረቷ ላይ በተኛው ልጅ ላይ አረፈ። ቀድሞ የገፉትን ወንበር ራሳቸው ስበው ተቀመጡ፤ ዓይናቸውንም ጭናቸው ላይ ካለው ጨርቅ ሳያነሱ ይናገሩ ጀመር።

«ሰማንያ አምስት ዓመተ ምሕረት ነው። ከጅቡቲ ድንበር፣ ከደወሌ፣ ቀረጥ ያልተከፈለበት ጨርቅ በባቡር እናወጣ ነበር። ሁላችንም ነበርን የምንደብቀው። ፈታሾቹ ጆንያ ይበረብራሉ፤ የተኛ ልጅ ግን አይነኩም፤ እነሱም ወላጆች ናቸው። ያንን ስላወቅን ጨርቁን ወገባችንና ጀርባችን ላይ ጠምጥመን ልጁን በላዩ እናዝላለን። የኔዋ የሦስት ወር ልጅ ነበረች። የዚያን ቀን ጨርቁ በዛብኝ። እንዳያስታውቅ ብዬ ማዘያውን ጭምቅ አድርጌ አሰርኩት። ከላይ ደግሞ በብርድ ልብስ እስከ ራሷ ሸፈንኳት።»

ጨርቁን በመዳፋቸው ደለደሉት።

«አጠገቤ አንዲት የአይሻ ከተማ ሴት ተቀምጣለች። ወተት የምትሸጥ ናት፤ አማርኛዋ ብዙም አይደለም። ‹ልጅሽን ገልጠሽ እያት› አለችኝ። ‹ተኝታለች› አልኳት። ትንሽ ቆየችና ደግሞ ‹ገልጠሽ እያት› አለች። ምን አገባሽ ብዬ ፊቴን አዞርኩባት። ብገልጣት ትነቃለች፤ ከነቃች ታለቅሳለች፤ ካለቀሰች ፈታሹ ይመጣል። አይሻ ስንደርስ ፈታሹ መጣ። አየኝ፣ ልጄን አየ፣ አለፈ። ደስ አለኝ! ይሰማሻል? ደስ አለኝ እኮ። ዝም ስላለችልኝ፣ ጎበዝ ልጄ ብዬ መረቅኳት።»

ሙና በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ሂባቅ ልጇን በሁለት እጇ ደግፋ ቆማለች፤ ጨርቁ ይዞት ሳለ መደገፉ አያስፈልገውም ነበር።

«ኤዶ» አለች። «ማዘያው አልገደላትም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ…»

«ማዘያው ነፃ ከወጣ ጥፋተኛ ሆኜ የምቀረው እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ስወነጅለው የኖርኩት ለዚህ ነው።»

በየቤታችን «እኛ ዘንድ አይደረግም» የሚባል ስንት ነገር አለ! አንዳንዱ ከአባቶች የመጣ ደንብ ነው። አንዳንዱ ግን ሥሩ ቢቆፈር አንድ ሰው ሳይናገረው የኖረ ጥፋት ይገኝበታል። ጥፋቱ በጊዜ ስላልተነገረ ደንብ ይሆናል፣ ይከበራል፣ ምራትም ልጅም ይታዘዙታል፤ የሚቀጣውም በወቅቱ ያልነበረ፣ ምንም የማያውቅ ሕፃን ነው። የእትዬ ረቢዓ ሐዘን እውነተኛ ሐዘን ነበር። ያም ሆኖ የልጅ ልጃቸው በዚያ ሐዘን ምክንያት በእናቱ አጠገብ የእናቱን ገላ አጥቶ ይመነምን ነበር፤ ይህን መሸፋፈን አይቻልም።

«ጥፋት የለብዎትም ብል ውሸት ይሆንብኛል» አለች ሂባቅ ቀስ ብላ። «ልጅ ነበሩ፣ ጭንቅ ላይ ነበሩ፣ ሁሉም የሚያደርገውን አደረጉ። አላህ መሐሪ ነው። ይህ ልጅ ግን በኢልሃን ምክንያት መቀጣት የለበትም።»

እትዬ ረቢዓ ጭናቸው ላይ ያለውን ጨርቅ አጥፈው ወደ ጎን አኖሩት። ከዚያ ተነሱ፣ ነጩን ሸማ ከመደርደሪያው አወረዱ፣ መቀሳቸውን አነሱ።

«ስንት ሜትር ነበር ያልሽኝ?»

የሱቁን መጋረጃ ጋርደው ሙና ቀሚሷን ከደረቷ ከፈተች፤ ዐብዲሰላምን በሽንት ጨርቁ ብቻ አስቀርተው ደረቷ ላይ አስደገፉት። ሂባቅ እያሳየች እትዬ ረቢዓ አሰሩ። እጃቸው ግን የለመደውን አልረሳም፤ ጨርቁን ጭምቅ አድርገው ሳቡት።

«ጠበቀ፣ ኤዶ። መደገፍ ነው እንጂ ማፈን አይደለም። አገጩን ይዩ፤ ደረቱ ላይ መደፋት የለበትም። ሁለት ጣትዎን በመሀል ያስገቡ… ገባ? እንግዲህ ደህና ነው። አፍና አፍንጫው ሁልጊዜ ክፍት ይሁን፤ ለአቧራም፣ ለፀሐይም፣ ለሰው ዓይንም ተብሎ ፊቱ አይሸፈንም። አቧራ ከሆነ አንቺ ፊትሽን አዙሪ፣ ሙና። ጎንበስ ብለሽ ግንባሩን መሳም ከቻልሽ ቦታው ልክ ነው። ነገ ደግሞ ጤና ጣቢያ አምጪውና እንመዝነው፤ ማቀፍ ብቻውን ሐኪም አይሆንም።»

ሂባቅ ተናግራ ሳትጨርስ ልቅሶው ቆመ።

«ዝም አለ!» እትዬ ረቢዓ ጨርቁን ሊበጥሱት ጨበጡት። «ለምን ዝም አለ? ፍቱት! ፍቱት ነው የምላችሁ!»

«ኤዶ፣ ፊቱ ክፍት ነው። ይዩት።»

ጎንበስ አሉ። ሕፃኑ አልተኛም። ዓይኖቹን ገልጦ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ጡቱ ወዳለበት ፊቱን ያዞራል። ጣታቸውን አፍንጫው ሥር አደረጉ፤ ሞቅ ያለች ትንፋሽ ነካቻቸው። እንደገና ጠበቁ፤ እንደገና ነካቻቸው። እትዬ ረቢዓ ያኔ ነው ያለቀሱት፤ ቆመው፣ ጣታቸውን ሳያነሱ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ለማወቅ የፈለገ የእትዬ ረቢዓን ሱቅ ይጎብኝ። ዐብዲሰላም ጉንጭ አውጥቷል፤ ሚዛኑ በየጊዜው ሲጨምር ሂባቅ ራሷ አይታለች። ጡት እናቱ ደረት ላይ ሆኖ በፈለገው ሰዓት ስለሚያገኝ ብዙ አያለቅስም። ሙና በሁለት እጇ ጨርቅ ትለካለች፣ ደንበኛ ታስተናግዳለች፣ ልጇም የሰው ፊት እያየ ወሬ እየሰማ ይውላል። የጅቡቲው ጋሪ የተጠቀለለ ጨርቅ ከመጋዘን ይመላለስበታል፤ ለዚህስ ጥሩ ዕቃ ነው። እትዬ ረቢዓ ራሳቸው ግን ልጁን እስካሁን አዝለውት አያውቁም። በእጃቸው ያቅፉታል እንጂ ጀርባቸውን አይሰጡትም፤ ሙናም አትጠይቃቸውም።

ዛሬ ለማዘያ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ከከተማውም ከገጠሩም እናቶች ይመጣሉ። ጨርቁን ጠቅልለው ግን አይሰጡም። ገዢዋ እዚያው ፊታቸው ልጇን አስራ ታሳያቸዋለች፣ ሁለት ጣታቸውን ከአገጩ ሥር ያስገባሉ፣ ከዚያ ይሸኟታል። አንዷ ንፋሱን ፈርታ ጅልባቧን በልጇ ላይ ሳብ ካደረገች እስከ መንገዱ ድረስ ይከተሏታል።

«ገልጠሽ እያት» ይላሉ።

«ኤዶ፣ ተኝታለች እኮ» ትላቸዋለች እናቲቱ እየሳቀች።

«እኔም እንደዚያው ብዬ ነበር» ይላሉ እትዬ ረቢዓ፤ እስክትገልጣትም ድረስ ከፊቷ አይነሱም።