ከዲላ የተሳፈረው ወፍራም ድምፅ

ስንት ዓመት ሚኒባስ ስነዳ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም! ለጉባኤ የሚሄዱ መዘምራን ጭኜ ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ እየሄድኩ ነው። መኪና ውስጥ ልምምድ ጀመሩ። መሪያቸው እህት አስቴር ድንገት አስቆመቻቸውና ከኋላዬ ወደተቀመጠው ዘማሪ ዞራ፣ «ወንድም ታሪኩ፣ ያንተ ወፍራም ድምፅ እኮ ሁሉንም ዋጠው! ቀንስ እንጂ!» አለችው። «እሺ» አለ። እንደገና ጀመሩ። መንገዱ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ፣ «ኧረ ታሪኩ!» ብላ ጮኸች። «እህት አስቴር፣ ጌታ ምስክሬ ነው፣ አፌን አልከፈትኩም!»

ክው አልኩ! «እስቲ ሁላችሁም ዝም በሉልኝ» ብዬ ጆሮዬን ጣል ሳደርግ፣ እውነትም የሆነ ነገር ያጉረመርማል። ወደ ቀኝ ስጠመዝዝ ይጎላል፣ ወደ ግራ ስመልስ ይጠፋል። መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ደግሞ ክብደቱ የሚያርፈው ግራ ጎማ ላይ ነው። «አገኘሁት! የግራ የፊት ጎማ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ነው!» ቀስ እያልን ወናጎ ከተማ ያለ ጋራዥ ገባን። በክሪክ አንስተን ጎማውን ከላይና ከታች ይዘን ስንወዘውዘው እንደሚነቃነቅ ጥርስ ሆነ። ትንሽ ብንቆይ ጎማው ቁልቁለት ላይ ጥሎን ይሄድ ነበር! ታሪኩ ተበልቶ ያለቀውን ኩሽኔታ ከመካኒኩ ተቀብሎ እህት አስቴር ፊት አዞረው፤ ተንኮሻኮሸ። «ይኸውልሽ ዘማሪሽ!»

አዲሱ ተገጥሞ ስንነሳ መኪናዬ ፀጥ አለች። መዝሙሩ እንደተጀመረ ግን እህት አስቴር እንደገና እጇን አነሳች። «ምነው ወፍራሙ ድምፅ አነሰ?»

ታሪኩ በመስኮት እያየ መለሰላት፦ «ጋራዥ ጥለነው መጣን!»