የሁለት ወገን ውርስ

የኮቴ እጅጌ ረዝሞ መዳፌን እየሸፈነ ስላስቸገረኝ፣ አንድ ቅዳሜ ጧት ላሳጥረው ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ ሄድኩ። የሄድኩት ለእጅጌ ነበር፤ የተመለስኩት ግን እስካሁን ለተማሪዎቼ የምነግረውን ነገር ሰምቼ ነው።

ሱቁ ከመንገድ ዳር ያለ ባለአንድ በር ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ ከወረቀት የተቆረጡ የሱሪና የቀሚስ ንድፎች በሚስማር ተሰቅለዋል፤ ጥግ ላይ የጨርቅ ጣቃዎች ተደራርበው ጣሪያ ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም። ባለቤቱን ሽማግሌ የሰፈሩ ሰው «አባ መቀስ» ይላቸዋል። ስሙ የወጣላቸው በሙያቸው ብቻ አይደለም፤ የሰው ንግግር መሃል ላይ ስለሚቆርጡም ጭምር ነው። ይህን ሲነግሯቸው ራሳቸውም ይስቃሉ፤ ሳቃቸውንም ሳይጨርሱ ሌላ ወሬ ይጀምራሉ።

የዚያን ዕለት ፀሐይ በቀጥታ በምታርፍበት የበሩ ደፍ ላይ፣ እሜት የሚሏት ሰባት ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ፊቷና እጆቿ በጥቁርና በቡናማ ጠቃጠቆ ተሸፍነዋል። አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ምስር የምታህል እብጠት አለች። ዓይኖቿን ጨፍና ፊቷን በመዳፎቿ ከልላለች፤ እንባዋ በጣቶቿ መሃል ይወርዳል፤ ድምፅ ግን አታሰማም።

«እጅሽን አውርጂ እሜቴ» አሏት አያቷ አባ መቀስ ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ። «ቆዳሽ ፀሐይ ይልመድ።»

«ያቃጥለኛል አያቴ።»

«መጀመሪያ ያቃጥላል፤ ኋላ ይጠነክራል።»

እኔ ሰላምታ ሰጥቼ ኮቴን ሳወልቅ የአባ መቀስ የመጨረሻ ልጅ ገባች። በሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። ነጭ ጋዎኗን በክንዷ ላይ አጥፋ ይዛለች። ልጅቷን ስታይ ጋዎኑን ዘርግታ በራሷ ላይ ጣለችባትና፣ አቅፋ አንሥታ ከጨርቅ ጣቃዎቹ ጀርባ ጥላው ውስጥ አስቀመጠቻት።

«ምን ማለትሽ ነው?» አሉ አባ መቀስ። «ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ!»

«አውቃለሁ አባባ። መጀመሪያ ላንሣት፣ ከዚያ ይቆጡኝ ብዬ ነው።»

የቤተሰብ ነገር ነው ብዬ ልወጣ ስል ሽማግሌው እጄን ያዙኝ። «ይቀመጡ መምህር፤ እርስዎ ይፍረዱን። ይህች ልጅ የልጅ ልጄን እንደ ሌሊት ወፍ በጨለማ ላሳድጋት ትላለች!»

«ለመፍረድ አልበቃም፤ ለመስማት ግን ጆሮ አለኝ» አልኩና ተቀመጥኩ።

«ልጆቼን ሁሉ ያሳደግኩት በፀሐይ ነው» አሉ። «አንቺንም ጨምሮ! ተክል እንኳ ፀሐይ ካላገኘ ይገረጣል።»

«እኔን ፀሐይ አትጎዳኝም፤ እሷን ግን ትጎዳታለች። ልዩነቱን ላስረዳዎት። እስክጨርስ ብቻ አያቋርጡኝ።»

«እኔ ደግሞ መቼ ነው ያቋረጥኩ…»

«ይኸው አሁን!»

ከጣቃዎቹ ጀርባ ትንሿ ልጅ ሳቀች። ሽማግሌውም ሳይወዱ በግድ ፈገግ አሉና መቀሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

ነርሷ ቀስ ብላ ጀመረች። «ፀሐይ በዓይን የማይታይ ጨረር አላት። ያ ጨረር በቆዳችን ህዋሶች ውስጥ ያለውን የዘር መመሪያ በየቀኑ ይቀደዋል፤ የእርስዎንም፣ የእኔንም፣ የመምህርንም። ሆኖም ሰውነታችን የተቀደደውን እየፈለገ ይጠግነዋል። የእሜትን ሰውነት ግን ተፈጥሮ ይህን ጥገና ነስታዋለች። የዛሬው ቀዳዳ ሳይደፈን የነገው ይጨመርበታል። ቀዳዳው ሲበዛ ህዋሱ መመሪያውን ይስትና ያለ ልክ ይራባል። ካንሰር ማለት ይኸው ነው አባባ። ሌላ ሰው በስተርጅና የሚያገኘው የቆዳ ካንሰር እንዲህ ያሉትን ልጆች ገና በልጅነታቸው ይይዛቸዋል። ያቺ አፍንጫዋ ላይ ያለችው እብጠት እንቅልፍ ነስታኛለች።»

«ይለምዳል እኮ…»

«ጥገና የሌለው ነገር በምን ይለምዳል?»

ሽማግሌው አገጫቸውን አሹ። ሲሸነፉ ሌላ በር መፈለግ ልማዳቸው ነውና ነገሩን ወደ ሌላ አዞሩት። «እሺ፤ ይህ ነገር ከየት መጣ? በእኔ ቤት ታይቶ አያውቅም! ከምራቴ ወገን የመጣ ነው። ለዚህ ነው ልጄን ‹ሚስትህን ወደ ቤተሰቧ መልሳትና ጤነኛ ዘር አግባ› ያልኩት።»

ምራታቸው ነፍሰ ጡር እንደሆነች፣ ባሏም ከአባቱ ቃል መውጣት አቅቶት ዝም እንዳለ፣ እሷም ከሱቁ ጀርባ ባለው ቤት ሻንጣዋን እያዘጋጀች እንደሆነ ከአባትና ከልጅ ንግግር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ነገሩ ከኮት እጅጌ እጅግ የራቀ ነበር።

ነርሷ ፊቷ ቢቀላም ድምፅዋን አላነሣችም። ወደ ግድግዳው ሄዳ ሁለት የሱሪ ንድፎች አወረደችና አባቷ ፊት ዘረጋቻቸው።

«ለእያንዳንዱ የሰውነት ሥራ ሁለት ንድፍ ይዘን እንወለዳለን፤ አንዱን ከአባት፣ አንዱን ከእናት። ዘረ መል የሚባለው ይህ ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ ቢበላሽብዎ ምን ያደርጋሉ?»

«በደህናው እቆርጣለኋ።»

«ሱሪው ይበላሻል?»

«ምን በወጣው! ደንበኛ ሱሪ ይወጣዋል።»

«ሁለቱም ቢበላሹስ?»

«ሱሪ የለም» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ።

«የእሜት የጥገና ንድፎች ሁለቱም የተበላሹ ናቸው። አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደ እኛ ጤነኛ በሆነች። ብልሹውን አንዱን ከእናቷ ወስዳለች፤ ይሁን። ሁለተኛውንስ ከማን ወሰደች?»

አባ መቀስ መቀሳቸውን አንሥተው መልሰው አኖሩት።

«ከወንድሜ ነው አባባ። ወንድሜ ደግሞ ከእርስዎ ወይም ከእማዬ። ደህናው ንድፍ ስለሚሸፍንለት ምንም አይታይበትም። እኔም ይዤው ይሆናል።»

«በጭራሽ!» ጠረጴዛውን ሲመቱት መርፌዎቹ ዘለሉ። «የእኔ ዘር ንጹሕ ነው!»

ነርሷ አልተከራከረችም። አጠገባቸው ተቀምጣ እጃቸውን ያዘችና፣ «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ» አለች። «በልጅነትዎ ከዘመድ መካከል ብርሃን የሚያስለቅሰው፣ ፊቱ ጠቃጠቆ የሞላው ልጅ አያስታውሱም?»

ሽማግሌው ወደ በሩ፣ ፀሐይ ወደምታርፍበት ባዶ በርጩማ ተመለከቱ።

«ታላቅ እህት ነበረችኝ» አሉ። «ለእናንተ አልነገርኳችሁም። በር ጀርባ መቀመጥ ነበር የምትወደው። አባቴ ‹ብርሃን ይልመዳት› እያለ ጧት ጧት ደጅ ያስቀምጣት ነበር…» የገዛ አንደበታቸውን ሰምተው አቆሙ። ቆይተውም፣ «ፊቷ ቆሰለ። ከዚያ ዓይኗ ጠፋ። ለአቅመ ሔዋን ሳትደርስ ሞተች። ሰው የሥጋ ደዌ ነው እንዳይለን ስሟ በቤታችን እንዳይነሣ ተደረገ። እኔም አላነሣሁም» አሉ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቢደርስ ይዋሻል። ለእሳቸውም መዋሸት ይመቻቸው ነበር፤ ያንን ዘመን ያየ ሌላ ሰው በሕይወት የለምና። ክርክሩን ለማሸነፍ ዝምታቸው ብቻ ይበቃቸው ነበር። እኒያ ሽማግሌ ግን ክብራቸውን ከሚያድነው ውሸት ልጅቷን የሚያድነውን እውነት መረጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኚህን ሰው ሳይ ከመቀመጫዬ እነሣለሁ።

«የወንድምሽ ሚስትም የአጎቴ የልጅ ልጅ ናት» አሉ ድምፃቸው ተሰብሮ። «ከባዕድ ዘመድ ይሻላል ብዬ ያጋባኋቸው እኔ ነኝ። ልጅቷን ለዚህ ያበቃኋት እኔ ነኛ?»

«አይደለም። ይህ ባዕዳንም ሲጋቡ ሊያጋጥም ይችላል። ዘመድ ሲጋባ ግን ያው አንዱ ብልሹ ንድፍ ከሁለት ወገን የመገናኘት ዕድሉ ይበዛል። ባለማወቅ የሆነ ነው፤ ማንም ጥፋተኛ አይደለም። ካወቅን በኋላ እንደ ድሮው ብንቀጥል ነው ጥፋቱ።»

«የሚወለደውስ?»

«በእያንዳንዱ እርግዝና የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ሦስቱ እጅ ከሕመሙ ነጻ የመሆን ነው። ወንድሜ ሌላ ቢያገባም ብልሹው ንድፍ አብሮት ይሄዳል እንጂ ከሚስቱ ጋር አይወጣም።»

«መድኃኒትስ አለው?»

«ከሥሩ የሚነቅለው እስካሁን አልተገኘም። መከላከል ግን እንችላለን። ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ዓይኗን ከጎንም የሚሸፍን መነጽር፣ የቆዳ ቅባት፣ ጨረሩን የሚከለክል የመስኮት ልባስ። ከፀሐይ የምታጣውን ቪታሚን ሐኪም ይሰጣታል። በየጊዜው ቆዳዋን እናያለን፤ የበቀለውን ሳይሰፋ እንቆርጣለን። ይህን ያገኙ ልጆች ያድጋሉ፣ ይማራሉ። እብጠቷን ሰኞ ጧት ለሐኪም እናሳያት።»

«ለምን ሰኞ? ዛሬ አይሆንም?» አሉ አባ መቀስ፤ ነርሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አዙራ እንባዋን ጠረገች።

ሽማግሌው ተነሥተው በጓሮ በኩል ወደ ቤት ገቡ። በሩ ክፍት ስለነበር የተባለው ሁሉ ይሰማናል። ምራታቸው የሕፃን ልብስ እያጣጠፈች ሻንጣ ውስጥ ትከት ነበር።

«ልጄ» አሏት፣ «ልብሱን ወደ ቦታው መልሺው። አጥፍቻለሁ። ነገሩ በእኔም ደም ውስጥ አለ። ጥፋቱን ሁሉ አንቺ ላይ የጣልኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ።»

ምራቲቱ በእጇ የያዘችውን ልብስ አስቀመጠች። ይህች ሴት ልጇ ጨቅላ ሳለች በፀሐይ ስታለቅስ አይታ፣ ማንም ሳያስተምራት ባርኔጣ ያደረገችላት፣ ባርኔጣው በተወለቀ ቁጥር መልሳ ያጠለቀችላት እናት ናት። በቤቱ ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ እውነቱን የተረዳው የእሷ ልብ ነበር።

«ይቅር ብያለሁ አባባ» አለች በመጨረሻ። «ግን አንድ ነገር አለኝ። ከዛሬ ጀምሮ ባርኔጣዋን የሚያወልቅባት ሰው እንዳይኖር።»

«የሚሞክር ካለ ከእኔ ጋር ይተያያል!»

በሳምንቱ መጀመሪያ እብጠቷ ተቆርጣ ወጣች፤ ተመርምራም ካንሰር ሆና ተገኘች። ትንሽ ስለነበረች ሥር ሳትሰድ ሙሉ በሙሉ ነቀሏት። ሐኪሙም ለአባ መቀስ «ጥቂት ቢዘገይ ኖሮ አፍንጫዋን ታጣ ነበር» አላቸው።

ከዚያ በኋላ ያሳዩት ትጋት የሚያስገርም ነው። እያንዳንዱን ጣቃ ወደ ብርሃን እያነሡ ጨረር የማያሳልፈውን መረጡ፤ ባለአንገት ሸሚዝ፣ ጓንት፣ ከፊት ዓይነ ርግብ ያለው ባርኔጣ ሰፉላት። እኔም በተራዬ ወደ ትምህርት ቤታችን ወሰድኳት። የክፍሉን መስታወት ልባስ አለበስነው፤ ሕመሙ እንደማይጋባ ለልጆቹ አስረዳን። መጀመሪያ ፈርተዋት የነበሩት ልጆች ሳምንት ሳይሞላ ዓይነ ርግቧን ለመሞከር ይሻሙ ጀመር፤ በእረፍትም ከእሷ ጋር በአዳራሹ ውስጥ ይጫወታሉ። አባቷም የአባቱን ይቅርታ ካየ በኋላ አንደበቱ ተፈታ፤ የመጀመሪያ ሥራው ሚስቱን ሐኪም ቤት መውሰድ ሆነ። የተወለደው ወንድ ልጅ ተመረመረ፤ ከሕመሙ ነጻ ነው። ብልሹውን ንድፍ ይዞ ሊሆን ስለሚችል ግን ሲያድግ ይነገረዋል፤ አይደበቅም።

በዓመቱ ግድም ከዘመዶቻቸው ሁለቱ ልጆቻቸውን ለማጋባት ሽማግሌ ሲሰበስቡ፣ አባ መቀስ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። ጉዳዩ ገና ሳይጀመር ተነሥተው ቆሙና በቤታቸው እንዳይነሣ የተደረገውን የእህታቸውን ስም ጮክ ብለው ጠሩ። እንዴት እንደኖረች፣ እንዴት እንደሞተች ነገሯቸው። የእሜትንም ታሪክ አስከተሉ።

«አንድ ልጅ ቀብረን ደበቅን፤ በመደበቃችንም ሌላዋን ልናጣ ነበር» አሉ። «ተናገርን፤ በመናገራችን አንዷን አዳንን፣ ትዳርም ሳይፈርስ ተረፈ። እነዚህ ልጆች ከመጋባታቸው በፊት ይመርመሩ። ልጄ ሐኪሞቹ ዘንድ ታደርሳቸዋለች። ውጤቱን አውቀው የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው።»

አንዳንዱ አጉረመረመ፤ አንዱ ሽማግሌ «የቤት ጉድ በአደባባይ!» ብሎ ተቆጣ። በዚህ መሃል ከበሩ አጠገብ ሕፃን የታቀፈች ወጣት ሴት ተነሣች፤ የአጎታቸው ወገን ናት። ሁሉም ወደ እሷ ሲዞርም አልተቀመጠችም።

«የእኔም ልጅ ደጅ ሳወጣው ያለቅሳል» አለች። «ፊቱ ላይ ጠቃጠቆ ጀምሮታል። ባሌ እንኳ አላወቀም፤ በሻሽ እየሸፈንኩት ነው።»

አባ መቀስ ለአንድ ጊዜ እንኳ ንግግሯን አላቋረጡባትም። ጨርሳ ስታለቅስ ወደ መስኮቱ ሄደው መጋረጃውን ሳቡና ሕፃኑን ከእጇ ተቀበሏት።

«ደግ አደረግሽ ልጄ» አሏት። «በጊዜ ነው የተናገርሽው።»