የዕድሩ የብረት ሳህኖች

ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ፣ ከሰዓት በኋላ፤ እናቷን ወይዘሮ ብርቄን ከቀበረች ወር ያለፋት ማኅደር፣ የዕድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ ከያዙት ከእትዬ አስካለ ጋር በተቆለፈው በር ፊት ቆማለች።

አስካለ፦ አልከፍትም አልኩሽ እኮ። ስንቴ ልበል?

ማኅደር፦ እትዬ አስካለ፣ ሳህኑ የዕድሩ ነው። እናቴ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የዕድሩ አባል ነበረች።

አስካለ፦ ለእኔ ነው የምትነግሪኝ? ሃያ ሦስቱን ዓመት አጠገቧ ተንበርክኬ አብሬያት ሳህን አጥቤአለሁ።

ማኅደር፦ እንግዲያው ለአርባዋ ያውጡልኝ። እሑድ በፕላስቲክ ሳህን ሰው አላበላም።

አስካለ፦ በቀብሯ ዕለትም በእሱ ነው የተበላው። ያኔ ምንም አላልሽ።

ማኅደር፦ ያኔ ምኑን አየሁት? በሦስተኛው ቀን መቃብሯ ጋ ስሄድ ነው ያየሁት። ንፋሱ ከቆሻሻ ጉድጓዱ እያነሳ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ድረስ በትኖታል። አንዱ መስቀሏ ሥር ተቀርቅሮ ነበር። ሽሮው ደርቆበት።

አስካለ፦ አይተሽ ምን አደረግሽ?

ማኅደር፦ ለቀምኩ።

አስካለ፦ ስንት?

ማኅደር፦ ሰባት... ስምንት ይሆናል። ከዚያ የአዲስ አበባው መኪና ሊሄድብኝ ሆነ።

አስካለ፦ ደግ አደረግሽ። የስምንት ሰው አነሳሽ።

ማኅደር፦ እየቀለዱብኝ ነው።

አስካለ፦ በዚህ ብርድ ማን ይቀልዳል? እሺ፣ ከፈትኩት እንበል። ውስጥ ያለው ሦስት መቶ ሳህን ነው። ማን ያጥበዋል?

ማኅደር፦ ሴቶቹ። እንደ ድሮው።

አስካለ፦ የትኞቹ ሴቶች? ስማቸውን ጥሪልኝ።

ማኅደር፦ እትዬ የሺመቤት።

አስካለ፦ የሺመቤት ማየት ካቆመች ሁለት ዓመቷ። እጇን ይዛ ቤተ ክርስቲያን የምታደርሳት እናትሽ ነበረች።

ማኅደር፦ አልነገረችኝም።

አስካለ፦ ስትደውዪ ስለ ራስሽ ነበራ የምትጠይቅሽ። ቀጥዪ።

ማኅደር፦ እትዬ ማሚቴ።

አስካለ፦ ልጇ ጋ ናዝሬት ገብታለች። ሌላ?

ማኅደር፦ እርስዎ።

አስካለ፦ እኔ አለሁ። እስኪ ጨብጪኝ። አይ፣ ጠበቅ አድርገሽ ጨብጪኝ። እኔም እጨብጥሽ ነበር፣ ጣቶቼ አይታጠፉም እንጂ። የውርጭ ውኃ ነው እንዲህ ያደረጋቸው።

ማኅደር፦ ወንዶቹስ?

አስካለ፦ ወንዶቹ ድንኳን ይተክላሉ። ከዚያ ድንኳኑ ሥር ተቀምጠው ስለ ተከላው ያወራሉ።

ማኅደር፦ እሺ፣ ሰው እቀጥራለሁ። ሁለት ሴቶች በቀን ሥራ።

አስካለ፦ አንቺ ትቀጥሪያለሽ። ከአንቺ ቀጥሎ ሐዘን የሚደርስበትስ በምን ይቀጥራል? አንቺ ከፍለሽ ትሄጃለሽ፣ ልማዱ ግን እዚህ እኛ ላይ ይቀራል።

ማኅደር፦ ራሴ አጥባለሁ።

አስካለ፦ አንቺ?

ማኅደር፦ እኔ። ሰኞ ፈቃድ ወስጃለሁ።

አስካለ፦ ለእናቷ ማጠብማ ማን ያቅተዋል? ዕድር እንደሱ አይደለም፣ ማሂ። ለብርቄ የብረት አውጥቼ፣ ለጎረቤቷ የሚጣለውን ባቀርብ ሰው ምን ይለኛል? ከወጣ ለሁሉም ነው የሚወጣው።

ማኅደር፦ ታዲያ ምን ላድርግ?

አስካለ፦ ነገ የጋሽ ደምሰው ሠልስት ነው። ከማዶ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ነዪ። ሳህኑን እዚያ እናውጣው፣ ሴቶቹም ጎንበስ ብለሽ ስታጥቢ ይዩሽ። ካዩሽ እሑድ የሚያምፅብሽ የለም። እኔም ጣቴ እንደፈቀደ አግዝሻለሁ።

ማኅደር፦ ነገ?

አስካለ፦ ነገ።

ማኅደር፦ ነገ አዲስ አበባ ስብሰባ አለብኝ። ጽሑፍ የማቀርበው እኔ ነኝ።

አስካለ፦ ስለ ምን?

ማኅደር፦ እንዲሁ... የሥራ ጉዳይ ነው።

አስካለ፦ ንገሪኝ እንጂ።

ማኅደር፦ ስለ ፕላስቲክ።

አስካለ፦ አልሳቅሁም።

ማኅደር፦ ሥራዬ ነው እኮ፣ እትዬ አስካለ! እኔ አንድ ሠልስት ላይ ሳህን ባጥብ ምን ይለወጣል? እዚያ ደንብ የሚያወጡ ሰዎች ይመጣሉ።

አስካለ፦ ደንቡ ሲወጣ ማን እንደሚያጥብ ይጻፍበታል?

ማኅደር፦ ሁሉንም በእኔ አያላክኩ። የተዋችሁት እናንተ ናችሁ። መጀመሪያ ተነሥቶ "የሚጣለው ይገዛ" ያለው ማን ነው? ስሙን ይንገሩኝና ሄጄ አነጋግረዋለሁ።

አስካለ፦ ተይው።

ማኅደር፦ አልተወውም። የእናቴን መቃብር ቆሻሻ መጣያ ያደረገውን ማወቅ አለብኝ።

አስካለ፦ ማሂ፣ ተይው ብዬሻለሁ።

ማኅደር፦ ይንገሩኝ!

አስካለ፦ እናትሽ ናት።

ማኅደር፦ የማን እናት?

አስካለ፦ ብርቄ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ የጥቅምቱ ስብሰባ ላይ ቀድማ እጇን ያወጣችው እሷ ናት።

ማኅደር፦ እናቴ? ፌስታል አጥባ ገመድ ላይ የምታሰጣው ሴት? በዘይት ጀሪካን ጎመን የምትተክለው?

አስካለ፦ እሷው። እኛም ገርሞን እርስ በርስ ተያየን።

ማኅደር፦ ለምን?

አስካለ፦ አመሻሽ ላይ አብረን ስንመለስ ጠየቅኋት። "የሰው ሳህን ሳጥብ ኖርኩ፣ የእኔ ቀን ሲመጣ ግን በእኔ ቦታ የሚንበረከክ የለም" አለችኝ። "ማሂ መጥታ አልቅሳ ትመለሳለች። ሴቶቹ እያጠቡ ልጇ የት ሄደች ብለው ከሚያሟት፣ የሚታጠብ ነገር ባይኖር ይሻላል። ይጣል" አለች።

ማኅደር፦ እንዲህ አለች?

አስካለ፦ ለማንም አትንገሪ ብላኝ ነበር። ይበርድሻል፣ ወደ ቤት ግቢ። ነገ መኪናው ስንት ሰዓት ነው?

ማኅደር፦ ቁልፉን ይስጡኝ።

አስካለ፦ ለእሑድ ከሆነ አልኩሽ እኮ...

ማኅደር፦ ለነገ።

አስካለ፦ ስብሰባውስ?

ማኅደር፦ እደውልላቸዋለሁ። ሌላ ሰው ያንብበው።

አስካለ፦ እንኪ። ሳህኑ የታሰረበትን ሽቦ በጥርስሽ አትፍቺው፣ ዝጓል። ጠዋት ውኃው ላይ በረዶ ካገኘሽ በጣሳ ስበሪው።

ማኅደር፦ እትዬ አስካለ... ጓንት ይኖራል?

አስካለ፦ እናትሽ ጓንት አልነበራትም።