አፉ የተሰፋ ኪስ

ነርሷ ያን ዕለት ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሄደችው የምትሠራበትን ጤና ጣቢያ የወር ሪፖርት ልታስገባ ነበር እንጂ ከዘመድ ጋር ልትገናኝ አልነበረም። ሪፖርቱን አስፈርማ በዓይን ክፍሉ ኮሪደር ስትወጣ፣ በካርድ መስኮቱ ፊት የተሰለፈው ሕዝብ ሲያጉረመርም ሰማች። ቀና ብላ ብታይ ሰልፉን ይዘው የቆሙት የገዛ አክስቷ ናቸው። የመስኮቱ ጠርዝ ላይ አንድ ፌስታል ዘርግተዋል። ከፌስታሉ ሌላ ፌስታል ያወጣሉ፤ ከዚያኛው ደግሞ በመሐረብ የተቋጠረ ነገር። ቋጠሮውን በጥርሳቸው ይፈቱታል። ቁልፍ ነው። መልሰው ይቋጥሩታል።

የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ የሪፈር ወረቀቱን ብቻ እንዲሰጡት ለስድስተኛ ጊዜ ለመናቸው። እሳቸውም ለስድስተኛ ጊዜ «ይኸው ልጄ፣ እዚሁ ነው ያለው» አሉት። የዓይን ሐኪሙ በየሦስት ወሩ ከሌላ ከተማ እየመጣ በቀን ሃያ ሰው ብቻ ነው የሚያየው፤ የሚቆየውም አንድ ቀን ነው። ሠራተኛው ምን ያድርግ፤ ከኋላ ያሉትን አስቀደመ፣ ሃያው ሞላ፣ መስኮቱን ዘጋ። ወረቀቱ የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሦስተኛው ፌስታል ውስጥ፣ እንዳይቆሽሽ ተብሎ በካላንደር ቅጠል ተጠቅልሎ።

ነርሷ ሮጣ ሠራተኛውን ለመነች፣ የሙያ ባልደረባ ነኝ አለች፣ ተቆጣች፣ እንደገና ለመነች። አልሆነም። ቀጠሮው ለሦስት ወር ተላለፈ። አክስቷን ለምን ዓይን ሐኪም እንዳስፈለጋቸው ብትጠይቃቸው «ለመነጽር ነው፣ ቀላል ነው» ብለው ወረቀቱን መልሰው በካላንደሩ ቅጠል መጠቅለል ጀመሩ። ይህን ስታይ በገነች።

አክስቷ ቤት ሲደርሱ ባሰባት። ያ ቤት ያልለበሰ ዕቃ የለበትማ! ቴሌቪዥኑ የኪሮሽ ዳንቴል ለብሷል፤ ማቀዝቀዣው ለብሷል፤ ሬዲዮኑ፣ የሶፋው ክንድ፣ የውሃው ጀግ፣ ሌላው ቀርቶ ሪሞቱ የራሱ ልብስ አለው። ጎረቤቱ ሁሉ «እትዬ አልባሽ» እያለ የሚጠራቸው ወዶ አይደለም። አርባ ዓመት ሙሉ ኪሮሽ ከእጃቸው አልተለየም። እኚሁ ሴት ከቤት ሲወጡ ግን የሱቅ ፌስታል አንጠልጥለው ነው፤ ያውም ጆሮው የተበጠሰ።

«አክስቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች ነርሷ፣ የቀረበላትን ሻይ ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፤ «ሪሞት ልብስ ከሚለብስ እርስዎ ቦርሳ ቢይዙ ምን ነበር? እጅዎ እንደሆነ የተባረከ ነው። ጠንከር ያለ፣ ኪስ ያለው፣ ቀን ተቀን የሚያዝ የኪሮሽ ቦርሳ ሠርተው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሐኪሙ ዘንድ ገብተው ነበር።»

«ኪሮሽ የክብር ሥራ ነው፣ ልጄ» አሉ አክስቷ ረጋ ብለው። «እናቴ ያስተማረችኝ ቤት እንዳስጌጥበት ነው። አውቶቡስ ውስጥ የሚረገጥ፣ ድንች የሚታጨቅበት ነገር ልሥራበት? ሰው ቢያየኝስ ምን ይለኛል? መግዣ አጥታ ክር አንጠለጠለች ነው የሚለው።»

«ፌስታል አንጠልጥለው ሲያይዎትስ?»

«ፌስታልማ ፌስታል ነው። ማን ምን ይለዋል?»

ደግሞ አመሉ የእትዬ አልባሽ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። እንግዳ የሚያየውን ስናሳምር እንከርምና ራሳችን በየቀኑ የምንገለገልበት ነገር ላይ ስንደርስ የትም አባቱ እንላለን። ማቀዝቀዣው ብርድ የሚመታው ይመስል ይሸፈናል፤ የባለቤቱ መድኃኒት፣ ቁልፍና ወረቀት ግን በአንድ ፌስታል ውስጥ ይተራመሳሉ። ነርሷም ይህንኑ ሳትቆጥብ ተናገረች፤ በእርጋታ ጀምራ በጩኸት ጨረሰች።

አክስቷ ሰምተው ሲያበቁ «እስቲ እስክሪብቶ ስጪኝ» አሏት። ነርሷ ከሱቅ የገዛችውን የተለጠጠ ትልቅ ቦርሳ ከፈተች። ጓንት ወጣ። ካልሲ ወጣ። ግማሽ ብስኩት፣ ቴርሞሜትር፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የክትባት ካርድ ወጣ። እጇ እስከ ክርኗ ገባ። አክስቷ ሻያቸውን እየጠጡ ጠበቋት። እስክሪብቶው አልተገኘም።

ነርሷ አፈረች፤ ማፈሯም ይበልጥ አናደዳት። በመጨረሻ ግን ከዚህ ሙግት አንድ ነገር ተገኘ። አክስቷ አፏን ለማዘጋት ብለው ለሷው አንድ ቦርሳ ሊሠሩላት ተስማሙ። አንድ ቀን ሥራ ላይ ውላበት ከበረታ ለራሳቸውም ይሠራሉ፤ ካልበረታ ነገሩ ዳግመኛ አይነሳም።

ቦርሳው ከአምስት ሳምንት በኋላ ደረሰ። ሲያዩት ያምራል፤ ከቀጭን ነጭ ክር የተሠራ፣ ከሶፋው ክንድ ላይ ካለው ዳንቴል ጋር አንድ ዓይነት አበባ ያለው፣ ሁሉ ነገሩ ቀዳዳ። ነርሷ ደብተሯንና የውሃ ጠርሙሷን ከታ ወጣች። እስከ ረፋዱ ቦርሳው ወገቧ ጋ ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ ጉልበቷ ደረሰ። እስክሪብቶዋ በአበባው መካከል ሾልኮ ጠፋ፤ ቴርሞሜትሯ ደረጃ ላይ ወድቆ ተሰበረ። ቁልፏን ኪሱ ውስጥ ላስገባ ብትል እጇ አልገባ አለ። ብታገላብጠው ሁለቱም ኪሶች በአራቱም ጎን ተሰፍተዋል። ጉድ ነው! ኪስ ለጌጥ!

ከሥራ እንደወጣች በቀጥታ አክስቷ ቤት ሄደች። «አክስቴ፣ የኪሱ አፍ ተሰፍቷል» አለች፣ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ።

«ታዲያ ሊከፈት ነው? አፉን ከፍቶ የሚውል ኪስ ምን ያምራል? ኪስ ይኑረው አልሽ፤ ኪስ አለው። አልበረታም ካልሽ ደግሞ እኔ ብያለሁ፤ ኪሮሽ ለቦርሳ አይሆንም።»

ነርሷ ስህተቱን ልታሳያቸው ቦርሳውን ገለበጠችው። የመጀመሪያው ኪስ በሥርዓት ነው የተሰፋው። ሁለተኛው ግን ሌላ ነው። ስፌቱ ከኪሱ ወጥቶ የቦርሳውን ጎን ይዞታል፤ ወጣ ገባ እያለ ሄዶ ከቦርሳው ወለል ጋር ተጣብቋል። አበባዎቹን ቆጠረች። አንዱ ስድስት ቅጠል አለው፣ አጠገቡ ያለው አምስት፣ ሌላው ስምንት። እትዬ አልባሽ ደግሞ በአንድ ቅጠል ስህተት የሳምንት ሥራ የሚፈቱ ሴት ናቸው።

«ይሄኛውንስ ሆን ብለው ነው?» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

አክስቷ ቦርሳውን ተቀብለው ስፌቱን በጣታቸው ዳበሱት።

«ነጭ በነጭ ላይ ሲሆን አይለየኝም» አሉ በመጨረሻ። «ዓመት አልፎኛል። ከዳር በኩል እየጨለመ ነው የሚመጣብኝ፤ ግራው ይብሳል።»

«ለመነጽር ነው ብለውኝ አልነበር? ለምን አልነገሩኝም?»

«ነርስ ነሽ። ላንቺ ከነገርኩሽ እውነት ሊሆን ነው።»

ነርሷ ተቆጣች፤ ግን ማንን እንደምትቆጣ ጠፋት። ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ እየመጣች እዚሁ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ሻይ ጠጥታለች፤ የሰው ዓይን የምታይ ነርስ የአክስቷን አላየችም። በማግስቱ የምታውቀውን ሐኪም ሁሉ ደጅ ጠናች። ሁሉም አንድ ነገር ነገሯት፤ የዓይን ሐኪሙ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ገና ሰባት ሳምንት ቀርቷል።

ማታ ተመልሳ የቦርሳውን ነገር እንደገና አነሳች፤ አሁን ግን ለራሳቸው። በወፍራም ክርና በትልቅ ኪሮሽ እንዲሠሩት ለመነቻቸው። እትዬ አልባሽ እምቢ አሉ። ወፍራም ክር የጀማሪ ልጅ ነው፤ አርባ ዓመት ከሠራሁ በኋላ ጀማሪ ወደሚማረው የሰንሰለት ስፌት ቆጠራ ልመለስ ነው ወይ አሉ። ጎረቤት ይህን ሲያይ ዓይኔ እንደደከመ ያውቅብኛል አሉ። ዋናው ነገር ይኸው ነበር።

«አክስቴ» አለች ነርሷ፣ «ጎረቤት ያውቅ። እኔ የምፈራው ሌላ ነው። በቀጠሮው ቀን ከሥራ ካልለቀቁኝ ብቻዎን ነው የሚሄዱት። መስኮቱ ፊት ቆመው ያ ወረቀት እንደገና ቢጠፋ ሌላ ሦስት ወር ሊጠብቁ ነው፤ ዓይንዎ ደግሞ ሌላ ሦስት ወር አይጠብቅም። ወረቀቱን ሳያዩት፣ በእጅዎ ብቻ ሊያገኙት ይገባል። ወፍራም ክር በጣት ይቆጠራል፤ ጣትዎ ምን ሆነ? እኔ ምን የት እንደሚገባ አውቃለሁ፣ ኪሮሽ ግን መያዝ አልችልም። እርስዎ ይችላሉ።»

አክስቷ ለረጅም ጊዜ የሪሞቱን ልብስ ሲያፍተለትሉ ቆዩ።

«ክሩ ጥቁር ሰማያዊ ይሁን» አሉ ከዚያ። «ነጭ እንዳታመጪብኝ።»

ከዚያ ወዲያ ነርሷ ተማሪ ሆነች፤ አለቅነቱን አክስቷ ያዙት። ሁለት ክር ባንድ ላይ አጣምረው፣ ወለሉን ሞላላ አድርገው ጀመሩ። ስፌቱ ትንሿ ጣት እንኳ እንዳታልፍበት ጠበቅ ተደርጎ ዙሪያውን እየዞረ ወደ ላይ ተሠራ፤ ጎኑ መጋጠሚያ የለውም፣ ምክንያቱም ዕቃ ሲከብድ የሚተረተረው በመጋጠሚያው ነው። ማንገቻውም በኋላ አልተቀጠለም፤ ከአፉ ጋር አብሮ ተሠርቶ ሰፋ ብሎ ወጣ። ውስጡ የአሮጌ መጋረጃ ገበር ገባለት። ኪሶቹ የተለኩት ደግሞ በግምት ሳይሆን ዕቃዎቹ እየተቀመጡ ነው፤ ወረቀቱ ቁሞ፣ የድሮ መነጽራቸው ቤት ተጋድሞ፣ ቁልፉ ከኪሱ ጋር በተሠራ ገመድ ታስሮ። የወረቀቱ ኪስ ጠርዝ ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል፤ የቁልፉ ለስላሳ ነው፤ እጅ ሲገባ የቱ ጋ እንደደረሰ ያውቃል። ይህን ያሰቡት አክስቷ ናቸው። ሁለት ጊዜ ፈትተው ሠርተውታል፤ ነርሷ ሦስተኛውን ስትከለክላቸው ተቆጥተዋታል።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ነርሷን ዘግይተው ለቀቋትና እየሮጠች ኮሪደሩ ስትደርስ አክስቷ ካርዳቸውን ካወጡ ቆይተዋል፤ አራተኛ ናቸው። ተቀምጠው ግን አይደለም። መስኮቱ ፊት ፌስታሏን ዘርግታ የምትፈልግ አንዲት ሴትዮ አጠገብ ቆመው በንዴት ያስተምራሉ። ከነርሷ ብሰው ቁጭ!

በክር የተሠራ ቦርሳ ሲቆሽሽ ታጥቦ እንደገና እንደሚያዝ ነገሯት። ቢላላ እንደሚጠበቅ፣ ቢቀደድ እዚያው በተሠራበት ክር እንደሚጠገን፣ የሱቁ ግን አንዴ ከተላጠ እንዳበቃለት ነገሯት። ቤት ውስጥ የተረፈ ክር እንደሚበቃ፣ ኪሱም ለያንዳንዱ ዕቃ ተለክቶ ሲሠራ ሰው ወረቀቱን ፍለጋ ተራውን እንደማያጣ፣ መድኃኒቱን እንደማይረሳ፣ በሩ ላይ ቆሞ ቁልፍ ሲፈልግ እንደማይመሽበት አስረዷት። ያማረ ነገር የሚሠራ እጅ ካለሽ መጀመሪያ ራስሽን አልብሺ አሏት። ሴትዮዋ ምስኪን «እሺ እናቴ፣ እሺ እናቴ» ትላለች። ማንገቻው ከየት እንደሚጀመር የጠየቁ ሌሎች ሁለት ሴቶችም ተጠግተው ነበር።

ከዚያ ተጠሩና ገቡ። ሐኪሙ ዓይናቸውን በመብራት አየ፣ የዓይናቸውን የውስጥ ግፊት ለካ፣ ደግሞ ለካ። ትሑት ሰው ነው፤ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ።

«እናቴ፣ የቀኙን ዓይን እናተርፈዋለን» አለ። «ይህን ጠብታ ጠዋትና ማታ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳያቋርጡ ዕድሜ ልክዎን ይጠቀማሉ። የግራው ግን ብዙው ሄዷል፤ የሄደው አይመለስም። ባለፈው ስመጣ አይቼዎት ቢሆን ኖሮ ከዚህ የበለጠ እናተርፍ ነበር።»

ነርሷ ለሦስት ወር ያጠራቀመችው ቁጣ ሁሉ ገነፈለ። ሦስት ፌስታል፣ አንድ የካላንደር ቅጠል፤ በዚያ የጠፋ ዓይን! ዞር ብላ አክስቷን ስታይ ግን እንባዋ መጣ።

እትዬ አልባሽ አላለቀሱም። ሐኪሙን እግዜር ይስጥልኝ አሉትና ጠብታውን ከእጁ ተቀበሉ። ከወረቀት ቤቱ አውጥተው ብልቃጧን በሁለት ጣታቸው ከላይ እስከ ታች ለኩ፤ ወርዷንም ለኩ።

«ለዚህች ሌላ ኪስ ያስፈልጋታል» አሉ ለነርሷ። «ክዳን ያለው፣ ከውጭ። በቀኝ በኩል ይሁን፣ በማየው በኩል። ተነሺ እንሂድ፣ ዛሬውኑ እጀምረዋለሁ።»