ቤቱ ልጇን ያውቀዋል

ግቢ፣ ግቢ እንግዳወርቅ። ኮትሽን አውልቂው እንጂ... እኔ ቤት ሂቲንጉ፣ ማሞቂያው፣ በርቷል። የጋዙ ቢል የመጣ ለት አለቅሳለሁ፤ እስከዚያ ልሙቅ ብዬ ነው። በአውቶቡስ ነው የመጣሽው? የፊንስበሪ ፓርክ ሰው እንዴት ነው? ቅዳሴ ላይ እንኳ ከተያየን ቆየን። ስትመለሺ አማች የሚሆንሽ ልጅ ከሥራ ሲወጣ ይወስድሻል?... እሰይ። ከፓርክ ሮያል አንቺን ብሎ ኤድመንተን ድረስ! ምን ያለ አማች ነው?

ሻይ ልቅዳልሽ። ስኳር ትተሻል አሉ። እኔ አልተውኩም። በዚህ ብርድ እሱንም ትቼ ምን ልሆን?

ለምን እንደመጣሽ መቼ ጠፋኝ። ልጅሽን ዲናን የጠየቃት ልጅ እናት ጎረቤቴ ናት፤ ከዚህ ግድግዳ ወዲያ። ልጅ ከመስጠት በፊት ጎረቤት መጠየቅ የአባቶቻችን ነው፤ ደግ አደረግሽ። ስሙን ምን ያስጠራናል፣ ግድግዳው ስስ ነው። ደግሞ እናቱ እታለማሁ የማርያም ሥዕል ፊት አቁማ አስምላኛለች፤ «ስለ ልጄ ክፉ ቃል ካፍሽ እንዳይወጣ» ብላ። ስለዚህ ደጉን ብቻ ነው የምነግርሽ። ደጉ ራሱ መቼ ያልቃል?

ሩኅሩኅ ነው። በተለይ ለብርዳም አገር ሰው። ከስኮትላንድ ወዲያ ባሕር መሀል አንዲት ደሴት አለች አሉ፤ ዛፍ የለ፣ ጋዝ የለ። ናፍጣ በመርከብ እየተጫነ እየመጣ፣ ለመብራትና ለማሞቂያ የሚከፍሉት ጉድ ነበር። አሮጊቶቹ ወይ እንብላ ወይ እንሙቅ እያሉ ሲመርጡ ሰማና እንቅልፍ አጣ። እንቅልፍ አጣ ስልሽ! ሄዶ የነፋስ ተርባይን አስተከለላቸው፤ ነፋሱ ሲያርፍ የሚተካ ባትሪ አስገባላቸው። ነፋሱን ራሱን ምድጃ አደረገላቸው ብትዪ ይቀላል። ሸለሙት። ይገባዋል። ሰው በርዶት ማየት አንጀቱ አይችልም።

ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ ይባል የለ? እሱ ሩቅ አሳቢ፣ ሩቅ አዳሪ። ተረቱን እንኳ አሻሻለው።

ፎቶውን አይተሽዋል? የደሴቲቱ አሮጊት በጥር ወር እጅጌ ጉርድ ለብሳ፣ ጉንጯ ቀልቶ፣ እጁን ይዛ ስትስቅ። እታለማሁ በትልቁ አሳትማ ሳሎኗ ሰቅላዋለች፤ ቤቱን ከሚያሞቀው ራዲያተር በላይ። ኮቷን ለብሳ፣ በኮቷ ላይ ጋቢ ደርባ፣ ቁጭ ብላ ታየዋለች። «እስቲ ሴትዮዋን እያት፣ እንዴት እንደሞቃት!» ትለኛለች። ሰው ሲሞቀው ማየትም አንድ ሙቀት ነው... አይደለም እንዴ?

እናቱንማ አልረሳም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ፤ እታለማሁ ያላት አንድ ልጅ ነው፣ ቀለሙን ሁሉ እሱው ብቻውን ይዞታል። ከኮሮና ማግስት የጋዝ ዋጋ ሰማይ የነካ ጊዜ መጣና «እማዬ፣ አንቺ በቢል አትጨነቂ» አላት። እውነቱን ነው፣ ይከፍልላታል። ግድግዳዋ ላይ የነበረውን መቆጣጠሪያ ነቅሎ በስልኩ የሚታዘዝ ገጠመላት። እሷ እንዳትደክም። ብትነካውም አይሠራ፣ ቆልፎላታል። ስልኩ ራሱ ያስባል... እሱ ወደዚህ ሲቃረብ ሂቲንጉ ይነሳል፣ ሲርቅ ይጠፋል። ልጄ ናት ቼክ አድርጋ ያስረዳችኝ። «እትዬ እታለማሁ እንደዚያ ያለ ስልክ ስለሌላቸው፣ ማሽኑ ቤቱ ባዶ ይመስለዋል» አለች። አየሽ ሥልጣኔ? ለካ ቤት ውስጥ ሰው አለ የሚባለው ስልክ ሲኖር ነው! እናትማ ከቤቱ ዕቃ ጋር ትቆጠራለች።

ከመማሌ በፊት ደረጃው ላይ አግኝቼ ነግሬው ነበር፣ አልዋሽሽም። «እትዬ፣ ባዶ ቤት ማሞቅ እኮ ምድርን ማቃጠል ነው» አለኝ። ባዶ አይደለም፣ እናትህ አለች አልኩት። «ሹራብ ገዝቼላታለሁ» አለ። ገዝቶላታል፣ አይቼዋለሁ፣ ጥሩ ሹራብ ነው። ምድር እንዳትሞቅ ከአንድ ሰው መጀመር አለበት፤ እሱ ከእናቱ ጀመረ። ስንቱ ነው ከእናቱ ለመጀመር የሚደፍር?

ደግሞ እሱ ሲመጣ ሁልጊዜ ሞቆ ነው የሚያገኘው። ገና መንገድ ላይ ሳለ ለራዲያተሩ ውሃ የሚያሞቀው ቦይለር ያጉረመርማል። እስኪገባ ቤቱ ቆላ ይሆናል። ጃኬቱን ያወልቃል፣ ግንባሩን ይጠርጋል፣ «እማዬ፣ ኧረ ሙቀት አበዛሽ!» ይላል። ብርዱን የት ያውቀዋል? ብርዱ ራሱ ያከብረዋል፤ እሱ በፊት በር ሲገባ በጓሮ ይወጣል።

እታለማሁ ስለ ስልክ ምን ታውቃለች? እሷ የምታውቀው አንድ ነገር ነው... ቤቱ ልጇን ያውቀዋል። ራዲያተሩ ጠቅ ጠቅ ማለት ሲጀምር «ልጄ መጣ» ትላለች፣ ወጥ ትጥዳለች፣ ነጠላዋን ትቀይራለች። አንድ ቀን ራዲያተሩን ስትስመው ደረስኩባት። ስቄ ልሞት። ሳቅ ነው እንግዲህ... ምን ይባላል?

ሌላ ሌላውን ቀን ነፃ የአውቶቡስ ካርድ አላት። ከኤድመንተን እናንተ ጋ ፊንስበሪ ፓርክ፣ ከፊንስበሪ ፓርክ መልሶ ኤድመንተን። አትወርድም። ከተማ ማየት ትወዳለች፣ በተለይ በጥር። አማራጭ ኃይል የሚሉት ይሄ አይደል? ልጁ ነፋስ አገኘ፣ እናቱ አውቶቡስ። ዘር ከልጓም ይስባል።

አምና በገና ሰሞን ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ታድላ፣ ሆስፒታል ይሞቃል። ውጪ ሲሏት አለቀሰች፤ ነርሶቹን ለምዳ መሰለኝ። ሐኪሙ «ቤትሽን አሙቂ፣ ሁለተኛ እንዲህ ሆነሽ ብትመጪ ያሰጋል» ሲላት ምን ብትለው ጥሩ ነው? «እሺ... ልጄ ይመጣል።» ዘንድሮም ሳሉ ጀምሯታል። ሌሊት በግድግዳው እሰማታለሁ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል፤ ይቺን ጠበል ግን ማንም አልነካት፣ እንደ ተቀዳች በረዶ ሆናለች።

ባለፈው ቅዳሜ ዲና ከሱ ጋር ሶፋ ልትመርጥ እዚህ ኤድመንተን መጥታ ነበር፣ አይደል? አንቺም አብረሽ ነበርሽ?... ማንም አልነገረን። ራዲያተሩ ነው የነገረን። ጠቅ ጠቅ ሲል እታለማሁ ዶሮዋን ከፍሪዝ አወጣች። ሠራች፣ ገበታ ዘረጋች፣ እኔንም ጠራችኝ። ቤቱ ሞቀ... ሞቀ... ኮቷን አወለቀች። ከዚያ ቀዘቀዘ። መልሳ ለበሰችው። «ሥራ ይዞት ነው። ግን በዚህ ሲያልፍ አሰበኝ፣ አሞቀልኝ አይደል?» አለች። ዶሮውን እኔና እሷ ተቃመስነው። ሶፋው ግን ያምራል አሉ። ተቀምጣችሁበት እደጉበት።

አዲሱ ቤት ላንቺም ክፍል አለው አሉኝ፤ ፎቁ ላይ፣ ሁሉ ነገር በሱ ስልክ የሚታዘዝ። ታድለሽ! እስቲ ስልክሽን አሳይኝ?... ውይ፣ እንደ እታለማሁ ባለ ቁልፉ ነው። ግድ የለም። እሱ ያስብልሻል።

ጸጥ በይ እስቲ... ሰማሽ? በግድግዳው። ቦይለሯ ነው የሚያጉረመርመው። ይኸው ደረሰልሽ። ሳህን ስታንኳኳስ ይሰማሻል? «ልጄ መጣ» ብላ እኮ ነው። እሱ እንኳ ሲቸኩል አይወጣም፣ ከታች ሆኖ ክላክስ ነው የሚያደርግ። ገብተሽ ልትስሚያት ከፈለግሽ አሁን ግቢ፤ መኪናው እስኪርቅ ይሞቃል።

ጠይቀሽኛል፣ ነግሬሻለሁ። ክፉ ቃል ወጣኝ? አልወጣኝም። በይ ልመርቅሽ።

እግዚአብሔር ትዳራቸውን ይባርክ። የሚወልዱትን እንደ አባታቸው የተማሩ፣ እንደ አባታቸው አሳቢ ያድርግላቸው። አንቺንም በዚያ ፎቅ፣ እናቱን እንዳሞቃት ያሙቅሽ። ለሱም ረጅም ዕድሜ ይስጠው። ሸብቶ፣ ጉልበቱ ከድቶት፣ በመስኮት መንገድ መንገድ ሲያይ... ልጆቹ እሱ ለእናቱ ያደረገውን ሁሉ አንዲት ሳያጎድሉ ያድርጉለት።

አሜን በይ እንጂ እንግዳወርቅ።