የጋሼ ማሽንና የእንግዳዋ ፈርምዌር

የሆስፒታሉን የላብራቶሪ ኮምፒውተር ሲጠብቁ ያረጁት ጋሼ፣ ቁልፋቸውን እያንቀጫቀጩ ወደ ማሽኑ ክፍል ሲወርዱ አዲሷን መሐንዲስ ፍላሽ ይዛ በሩ ላይ አገኟት። ደማቸው ፈላ። ባለ አራት ፕሮሰሰሩን ማሽን ከካርቶኑ ያወጡት እሳቸው፣ ሲታመም ያስታመሙት እሳቸው፤ ባለቤታቸው እንኳ ማሽኑን «ጣውንቴ» ነው የሚሉት። ታዲያ ትናንት የመጣች ልጅ ምን ቤት ናት?

«እንደምን ዋሉ ጋሼ? የፕሮሰሰሮቹን ፈርምዌር ብናድስ ብዬ ላማክርዎ ነበር።»

«ደህና ዋልሽ፣ ልጄ። ፈርምዌር እኮ ፕሮሰሰሩ ገና ሲሠራ የተሰጠው የውስጥ መመሪያ ነው። ሽማግሌን ሀሁ ቁጠር አይሉትም።»

«ሕመምተኛ በበዛ ቁጥር ግን ማሽኑ ቀጥ ይላል።»

«ሲቆም እኔ አለሁ! ይደውሉልኛል፣ አስነሣዋለሁ።»

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ጋሼ ያችን ስልክ ይወዷታል። «ጋሼ፣ ይድረሱልን!» ሲባሉ ምሳቸውን ጥለው፣ ደረታቸውን ነፍተው ይወጣሉ። ማሽኑ ካልቆመ ማን ይጠራቸዋል? ቅናት ክፉ ነው፤ የወደዱት እንዳይድን እስከመመኘት ያደርሳል።

«አንዱ ፕሮሰሰር ሲቃጠል ከተጣለ ማሽን ነቅለው የተኩት እርስዎ ነዎት አሉኝ።»

«ሌላ ማን ይችላል?»

«ማንም። ግን የእሱ ፈርምዌር ከሦስቱ ያረጀ ነው። አራት ሰዎች በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክመው አንዱ ብቻ በራሱ እርምጃ ቢሄድስ?»

«በሽተኛው ይወድቃላ» አሉ፣ ሳይወዱ በግድ። «እድሳቱ መሐል ላይ መብራት ቢጠፋስ? ማሽኑ እስከ ወዲያኛው ነው የሚያሸልበው!»

«ልክ ነዎት። ለዚህ ነው መጠባበቂያ ባትሪውን የሞከርኩት። የድሮውንም ፈርምዌር ቅጂ አስቀምጫለሁ።»

«ሁሉን ጨርሰሻላ! ታዲያ እኔ ለምን አስፈለግሁ?»

በዚሁ መሐል ስልካቸው ጮኸ። «ጋሼ፣ ይድረሱልን፤ ቆመ!» የጋሼ ልብ በደስታ ዘለለ፤ ልጅቷን «አየሽ?» በሚል ዓይን አዩዋት። ወዲያው ከኮሪደሩ የአንዲት እናት ድምፅ መጣ። ትኩሳት ያቃጠለውን ልጇን ታቅፋ «ዛሬም ውጤቱ የለም?» ትላለች። ጋሼ በደስታቸው አፈሩ። ማሽኑን አስነሡት፣ የሕፃኑ ውጤት ወጣ፤ ላብራቶሪው ሲዘጋም ቁልፉን ለልጅቷ ዘረጉላት።

«ግቢ። ግን አጠገብሽ እቆማለሁ።»

«እንዲቆሙ እኮ ነው የመጣሁት። የዚህን ማሽን ጠባይ ማን ያስተምረኛል?»

ከዚያ ወዲህ አራቱ ፕሮሰሰሮች በአንድ መመሪያ ይሄዳሉ፤ ሰው ቢበዛም ማሽኑ አይቆምም፤ እናቶችም ውጤታቸውን በዕለቱ ይዘው ይገባሉ። ያረጀ ዕቃ የሚከበረው ሲታደስ ነው፤ ባለሙያም እንደዚያው።

ጋሼ አሁን ምሳቸውን ቤታቸው ይጨርሳሉ። ስልካቸውን ግን ደጋግመው ያያሉ።

«ምነው፣ ከጣውንቴ ተጣላችሁ እንዴ?» አሏቸው ባለቤታቸው።

«ሌላ አገባች» አሉ ጋሼ፣ ጉርሻቸውን እያላመጡ። «ጤና ካገኘችበትማ፣ ምን ላድርግ፣ ትዳሯን ይባርክላት!»